እምቦጩን ለቀለጠ ብረት ብናበላውስ?

ጥቅምት ላይ ጣና ዳር ወርዶ እምቦጭ የነቀለ ሰው መጀመሪያ ትዝ የሚለው ክብደቱ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ቅጠሉ ለስላሳ፣ አበባው ሐምራዊ። እጅ ሲገባ ግን ውሃ እንደጠጣ ጋቢ ይከብዳል። ሥሩን ይዘው ሲያነሱት ውሃው በክንድ ይወርዳል፣ ደረት ያረጥባል። ግማሽ ቀን ተለፍቶ ዳር ላይ የተከመረው እምቦጭ ተራራ ያክላል። ፀሐይ ሲመታው ከርሞ ተመልሰው ሲያዩት ግን ያ ሁሉ ክምር አንድ አህያ የማይከብዳት ገለባ ሆኗል።

ይህን ክብደት አደራ ያዙልኝ። እመለስበታለሁ።

የወንድሜ ልጅ እዚሁ ባሕር ዳር ፖሊ ግቢ ይማራል። እሁድ ቡና ላይ ተቀምጠን ስለ እምቦጭ ስናወራ፣ "ጋሼ፣ እሱን የቀለጠ ብረት ውስጥ ቢጨምሩት እኮ ሃይድሮጅን ይገኛል። የድንጋይ ከሰልም ቢሆን ያው ነው" አለኝ። መጀመሪያ አላመንኩትም። በኋላ ግን አብረን ወረቀት አውጥተን መቁጠር ጀመርን። ልጁ ልክ ነው። ነገሩ ይሠራል። ሲቆጠር የሚወጣው ሒሳብ ግን እኔም እሱም ያልጠበቅነው ሆነ።

ከሃይድሮጅን ልጀምር። በዓለም ላይ ካሉት ንጥረ ነገሮች ሁሉ ቀላሉ እሱ ነው። ሲነድ ከአየር ኦክስጅን ይወስድና ውሃ ይሆናል። ካርቦን የሚባል ነገር ስለሌለበት የካርቦን ጭስ አይወጣውም። 1 ኪሎ ሃይድሮጅን ሲነድ የሚሰጠው ጉልበት 1 ኪሎ ቤንዚን ከሚሰጠው 3 እጥፍ ገደማ ነው። ችግሩ ቦታ መፍጀቱ ነው። ያቺ 1 ኪሎ ሳትታመቅ ብትቀመጥ ከ11 ሜትር ኩብ በላይ ትይዛለች፣ አንዲት ትንሽ ክፍል ትሞላለች ማለት ነው። ስለዚህ ወይ በኃይል ታምቃ በወፍራም ሲሊንደር ትያዛለች፣ ወይ ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ድረስ ቀዝቅዛ ፈሳሽ ትሆናለች። ሁለቱም ወጪ አላቸው።

ሌላው ችግር ሃይድሮጅን ለብቻው ተቆፍሮ እንደ ልብ የሚገኝ አለመሆኑ ነው። ከሌላ ነገር ጋር ተጣብቆ ነው የሚኖረው። ከኦክስጅን ጋር ሲጣበቅ ውሃ ነው። ዓለም በዓመት ከ90 ሚሊዮን ቶን በላይ ሃይድሮጅን ያመርታል። አብዛኛው የሚመጣው ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል ነው። የሚሄደው ደግሞ በብዛት ወደ ነዳጅ ማጣሪያና ወደ ማዳበሪያ ፋብሪካ ነው።

እንግዲህ ጣናን የሚያክል ውሃ ደጃችን ላይ ተኝቷል። ሃይድሮጅኑ እዚያ ውስጥ አለ። ጥያቄው ኦክስጅኑን ከላዩ ላይ ማን ያላቅቅለት የሚለው ነው።

ብረት ያላቅቃል።

ቀጥቃጭ ቤት ገብታችሁ አይታችሁ ከሆነ፣ ወናፉ ከሰሉን ሲያቀጣጥለው ማረሻው ይቀላል። ተቀጥቅጦ ሲያልቅ ውሃ ውስጥ ይነከራል። "ጭስስ" ይላል፣ እንፋሎቱ ቦግ ብሎ ይወጣል። በዚያች ቅጽበት ማንም የማያያት ሥራ ትሠራለች። የጋለው ብረት ከእንፋሎቱ ላይ ጥቂት ኦክስጅን ይነጥቃል። ኦክስጅኑ የተነጠቀው እንፋሎት ሃይድሮጅን ሆኖ ይበተናል። ብረቱ ላይ ደግሞ ጥቁር ቅርፊት ይቀራል። ያ ቅርፊት የዝገት ዘመድ ነው፤ ብረትና ኦክስጅን ተያይዘው የሠሩት። ፈረንሳዊው ላቮይዚዬ እ.ኤ.አ. በ1780ዎቹ እንፋሎት በጋለ የጠመንጃ አፈሙዝ ውስጥ አሳልፎ ሃይድሮጅን የያዘው በዚህ መንገድ ነው። ውሃ ራሱን የቻለ አንድ ንጥረ ነገር ሳይሆን የሁለት ነገሮች ውህድ መሆኑን ለማሳየት ያገለገለ ሙከራ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያም የአየር መርከቦችን የሚሞላ ሃይድሮጅን በብረትና በእንፋሎት ይመረት ነበር።

ግን ብረቱ አንዴ ከዛገ አለቀ። ኦክስጅን ጠግቧል፣ ሌላ አይወስድም። ብረት እየገዙ ማዛገት ደግሞ የትም አያደርስም። እዚህ ላይ ነው ካርቦን የሚገባው። ከሰል፣ እንጨት፣ ገለባ፣ እምቦጭ፣ የድንጋይ ከሰል፣ ሁሉም ውስጣቸው ካርቦን ነው። ካርቦን ትኩስ እቶን ውስጥ ለኦክስጅን ያለው ፍቅር ከብረት ይበልጣል። ስለዚህ ከዛገው ብረት ላይ ኦክስጅኑን ይወስድና ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ብረቱ ተመልሶ ንጹሕ ብረት ይሆናል። ከዚያ እንደገና እንፋሎት፣ እንደገና ካርቦን። ብረቱ ከአንዱ ተቀብሎ ለሌላው ያቀብላል እንጂ እሱ ራሱ አያልቅም።

ካርቦን ሞኖክሳይድን ታውቁታላችሁ። በተዘጋ ቤት ከሰል አንድዶ የተኛን ሰው የሚገድለው እሱ ነው። እቶኑ ውስጥ ግን ይፈለጋል። ወይ ለሙቀት ይነዳል፣ ወይ ተጨማሪ እንፋሎት ይሰጠውና ከዚያ እንፋሎት ላይ ሌላ ሃይድሮጅን ያወጣል። እሱ በበኩሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የድንጋይ ከሰሉ ንጹሕ ካርቦን ቢሆን ኖሮ ከዚህ ሁሉ ሥራ የሚወጣው ሃይድሮጅን በሙሉ የውሃው ነው፤ ከከሰሉ አንዲት ጠብታ አልመጣችም። ከሰሉ የሚከፈለው ኦክስጅኑን ተሸክሞ እንዲሄድ ብቻ ነው። ሰው "ከከሰል ሃይድሮጅን" ሲል ይህን ይረሳዋል።

ታዲያ ብረቱ ለምን መቅለጥ አስፈለገው? የጋለ ብቻ ቢሆንስ? ይሆናል፣ በጠጣር ብረትም ይሠራል። ግን ገለባና ከሰል ሲነዱ አመድ ያመጣሉ፣ ቅጥራን ያመጣሉ። ቅጥራኑ ቧንቧ ይደፍናል። አመዱ ብረቱን ይለብሰውና እንፋሎት እንዳይደርሰው ያደርጋል። የቀለጠ ብረት ግን ባሕር ነው። የገባበትን ነገር ከሁሉም አቅጣጫ ይውጠዋል። ከ1,300 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ቅጥራን የሚባል ነገር አይተርፍም፣ ወደ ቀላል ጋዝ ይሰባበራል። ካርቦኑ ብረቱ ውስጥ እንደ ስኳር ይሟሟል። አመዱ ከብረት ስለሚቀል ከላይ ይንሳፈፋል። ኖራ ሲጨመርበት ደግሞ አብሮ ቀልጦ ስላግ የሚሉት ብርጭቆ መሰል ዝቃጭ ይሆናል፣ ተቀድቶ ይወጣል። ድኝ ያለበት ከሰል ከሆነም ድኙን ብረቱና ኖራው ይይዙታል።

ንጹሕ ብረት የሚቀልጠው በ1,538 ዲግሪ ነው። ካርቦን ሲሟሟበት ግን መቅለጫው ይወርዳል፣ ከ4 በመቶ ትንሽ በላይ ካርቦን ሲይዝ ወደ 1,150 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ምግቡ ራሱ ማቅለጡን ያግዛል ማለት ነው። ይህ ነገር በጣም ደስ ይለኛል።

የድንጋይ ከሰልን በቀለጠ ብረት ወደ ጋዝ የመቀየር ሙከራ በጃፓን፣ በስዊድንና በጀርመን በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ተሠርቷል። ኬሚስትሪው ሠርቷል። በየአገሩ የተተከለ ሥራ ግን አልሆነም። ምክንያቱን መገመት አይከብድም። ያን የሚያህል ሙቀት የሚችለው የእቶኑ ጡብ በስላግ ይበላል፣ በየጊዜው መቀየር አለበት። መብራት ሄዶ እቶኑ ከቀዘቀዘ ብረቱ እንዳለ ይረጋል። የረጋ ብረት ከእቶን ውስጥ ማውጣት ደግሞ እቶኑን እንደ ማፍረስ ነው። እኛ ከተማ መብራት ስንቴ እንደሚሄድ ለእናንተ አልነግራችሁም።

አሁን ወደዚያ ክብደት ልመለስ።

እምቦጭ ጣና ላይ በይፋ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው፣ በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ መገጭ ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አካባቢ። ከዚያ ወዲህ ደምቢያን፣ ጎንደር ዙሪያን፣ ሊቦ ከምከምን፣ ፎገራን ያዳረሰውን መከራ ዓሣ አስጋሪውና ከብት አርቢው ያውቁታል። ሰው ነቅሎ ነቅሎ ሲሰለቸው "ለምን አንድ ጥቅም ላይ አናውለውም?" ማለቱ ትክክል ነው። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።

10 ኩንታል ማለትም 1,000 ኪሎ እርጥብ እምቦጭ እንውሰድ። እምቦጭ ከ90 እስከ 95 በመቶው ውሃ ነው። 930 ኪሎው ውሃ ነው እንበል። 70 ኪሎ ደረቅ ነገር ይቀራል። ከዚያ ውስጥ ካርቦኑ 25 ኪሎ ገደማ ነው። ሁሉም ነገር ሳይባክን ቢሠራ 12 ኪሎ ካርቦን 4 ኪሎ ሃይድሮጅን ያስገኛል። 25 ኪሎው እንግዲህ ወደ 8 ኪሎ ሃይድሮጅን ይሰጠናል። ይህ በወረቀት ነው። እቶኑን ለማሞቅ ከካርቦኑ የተወሰነው መንደድ ስላለበት በተግባር ያንሳል።

8 ኪሎ ሃይድሮጅን ሲነድ 960 ሜጋጁል ገደማ ይሰጣል። ያንን 930 ኪሎ ውሃ አሙቆ ለማትነን ግን ወደ 2,400 ሜጋጁል ያስፈልጋል።

ሁለቱን ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ ስንጽፋቸው የወንድሜ ልጅ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እርጥቡን እምቦጭ በእሳት እናድርቅ ካልን፣ ለማድረቂያ የሚወጣው ጉልበት ከምናገኘው ሃይድሮጅን 2 እጥፍ ተኩል ይበልጣል። ነዳጅ ማምረት ቀርቶ ነዳጅ መጨረስ ነው።

"ግን ጋሼ፣ እንፋሎት ያስፈልገን የለ? ውሃው ይጥቀመና" አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ለ25 ኪሎ ካርቦን የሚያስፈልገው ውሃ ግን ቢበዛ 75 ኪሎ ነው። የቀረው ከ850 ኪሎ በላይ ውሃ ሙቀት በልቶ የሚሄድ እንግዳ ነው። ሌላም አለ። ፈሳሽ ውሃ ከቀለጠ ብረት ሥር ከገባ ይፈነዳል። 1 ሊትር ውሃ እንፋሎት ሲሆን ቦታው ከ1,600 ጊዜ በላይ ይሰፋል፣ ያውም በቅጽበት። ብረት አቅላጮች እርጥብ ቁርጥራጭ ብረት እንኳ የሚፈሩት ለዚህ ነው። እርጥብ እምቦጭ በአካፋ እቶን ውስጥ መወርወር ሰው መግደል ነው።

ስለዚህ ማድረቂያው ፀሐይ መሆን አለበት። ፀሐይ መቼም አልተነፈግንም። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ዳር ላይ በስሱ ቢሰጣ ይደርቃል። ግን ለማስጫ መሬት ይፈልጋል። ያ መሬት የገበሬው ማሳና የከብቱ ግጦሽ ነው። ዘሩ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ስለሚቆይ፣ በየሜዳው ማመላለስ ራሱ መጠንቀቅ ይጠይቃል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። እምቦጭ የሚበላ ትልቅ እቶን ከተከልን በየዓመቱ እምቦጭ ይፈልጋል። የሰው እንጀራ እምቦጩ ላይ ይንጠለጠላል። እኛ የምንፈልገው ደግሞ አንድ ቀን እምቦጩ ከጣና እንዲጠፋ ነው። ሁለቱ አብረው አይሄዱም።

እርጥብ ነገር በእርጥቡ የሚወድ ሌላ ማሽን አለ፣ ባዮጋዝ። ባዮጋዝ ውሃ አያስቸግረውም። እንዲያውም ይፈልገዋል። ተቆራርጦ ከእበት ጋር ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፣ ሜቴን (ከካርቦንና ከሃይድሮጅን የተሠራ የሚነድ ጋዝ) የሚበዛበት ጋዝ ይወጣል። የተረፈው ዝቃጭ ወደ ማሳ ይመለሳል። እምቦጩን ያሰባው ከማሳና ከከተማ ታጥቦ ጣና የገባው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ስለሆነ፣ በዚህ መንገድ ንጥረ ነገሩ ወደ መጣበት አፈር ይመለሳል። እቶን ውስጥ ቢገባ ኖሮ ናይትሮጅኑ ጋዝ ሆኖ ይሄድ፣ ፎስፈረሱም ብረቱና ስላጉ ውስጥ ይቀር ነበር።

ታዲያ የቀለጠው ብረት ምን ይብላ?

ወደ ወረታ ውጡ። በፎገራ ሜዳ ሩዝ የሚያመርተው ገበሬ ምርቱን የሚያስፈለፍለው እዚያ ነው። በየመፈልፈያው ጓሮ የሩዝ ቅርፊት ይከመራል። ይህ ቅርፊት ከመጀመሪያው ደረቅ ነው፣ እርጥበቱ 10 በመቶ አካባቢ ብቻ። 1,000 ኪሎ የሩዝ ቅርፊት በዚያው በወረቀት ስሌት ከ100 ኪሎ በላይ ሃይድሮጅን ይወጣዋል። የእርጥብ እምቦጩ 8 ኪሎ ነበር። በዚያ ላይ ቅርፊቱ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ የሚገኝ ነው፣ ማንም ደረቱ ድረስ ጭቃ ውስጥ ገብቶ አይነቅለውም።

ነውር አለው፣ አመዱ ይበዛል። ከክብደቱ ወደ 20 በመቶው አመድ ነው፣ አብዛኛው ሲሊካ፣ ማለትም አሸዋ የተሠራበት ነገር። ተራ ምድጃ ውስጥ ይህ አመድ ተጋግሮ ያስቸግራል። የቀለጠ ብረት ግን ከኖራ ጋር አቅልጦ ስላግ አድርጎ ያወጣዋል። ለእኔ የዚህ እቶን እውነተኛ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ሌላ ምድጃ የሚጠላውን ደረቅ ቆሻሻ ይበላል።

የድንጋይ ከሰሉስ? ከጣና ብዙ ሳይርቅ ጭልጋ አለ። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደግሞ ደልቢና ሞዬ፣ ያዩም አሉ። ከሰላችን ባብዛኛው ደረጃው ዝቅ ያለና አመዱ የበዛ ነው። እቶኑ ይህንንም ሊበላው ይችላል። ሒሳቡ ግን ይኸው። ካርቦኑ በሙሉ ለሃይድሮጅን ቢውል፣ ለ1 ኪሎ ሃይድሮጅን ቢያንስ 11 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። በተግባር ወደ 20 ኪሎ ይጠጋል። ቀለጠ አልቀለጠ፣ ብረት ይህን ቁጥር ሊሽረው አይችልም። ቅርፊቱ የሚያወጣው ጭስ የሩዝ ተክሉ ባለፈው ክረምት ከአየር የወሰደው ነው፣ ወደ ነበረበት ይመለሳል። የከሰሉ ግን ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት ከመሬት በታች ተቀብሮ የቆየ ነው። "ጋዙን ይዘን እንቅበረው" የሚሉ አሉ፣ ይቻላልም። ግን ሌላ ትልቅ ፋብሪካና ሌላ ትልቅ ወጪ ነው።

ሰው ደግሞ "ሕዳሴ ግድብ ተመርቆ የለ? ለምን ውሃውን በመብራት አንሰነጥቀውም?" ይለኛል። ልክ ነው። 1 ኪሎ ሃይድሮጅን በኤሌክትሪክ ለማውጣት ከ50 እስከ 55 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። ሥራው ንጹሕ ነው፣ 1,300 ዲግሪ አያስፈልገውም። የሚፈለገው ሃይድሮጅን ብቻ ከሆነ እኔም የምመርጠው መብራቱን ነው። እቶኑ የሚያዋጣው ሃይድሮጅንም ቆሻሻን ማስወገድም አንድ ላይ ሲፈለጉ ነው።

ሃይድሮጅኑ ቢገኝ ምን እናደርገዋለን? ባጃጅ እንሙላበት? እኔ እንደዚያ አላስብም። እኛ አራሽ አገር ነን። ሃይድሮጅንና ከአየር የተወሰደ ናይትሮጅን ተገናኝተው አሞኒያ ይሆናሉ። አሞኒያና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ዩሪያ። ከ1 ኪሎ ሃይድሮጅን ወደ 10 ኪሎ ዩሪያ ይወጣል። ከእቶኑ የወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድም በከፊል እዚያው ይፈለጋል። ከ1,000 ኪሎ የሩዝ ቅርፊት የሚገኘው ሃይድሮጅን ግማሹ በመንገድ ቢባክን እንኳ ወደ 600 ኪሎ ዩሪያ ነው፣ በ50 ኪሎው ከረጢት 12 ከረጢት። ከባድ ግፊትና ሙቀት ይጠይቃል፣ በጓሮ የሚሠራ አይደለም። ያዩ ላይ ከድንጋይ ከሰል ዩሪያ ለማምረት የተጀመረው ፋብሪካ ሳያልቅ መቆሙን አስታውሳለሁ። ቢሆንም የፎገራ ገበሬ በየክረምቱ ዋዜማ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ማዳበሪያ ሲጠብቅ ለሚያይ ሰው፣ ጓሮው ውስጥ የተከመረው ቅርፊት ሌላ ነገር መምሰል ይጀምራል።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ምክንያቱም ለእምቦጩም ቦታ አላት። እ.ኤ.አ. በ2017 በካሊፎርኒያ ያሉ ተመራማሪዎች ኒኬልና ቢስመዝ የሚባሉ ሁለት ብረታ ብረቶች አብረው አቅልጠው በ1,065 ዲግሪ ሜቴን አሳለፉበት። ሜቴኑ 95 በመቶው ተሰነጠቀ። ሃይድሮጅኑ እንደ አረፋ ወጣ። ካርቦኑ ጋዝ ሳይሆን ጥቁር ዱቄት ሆኖ ከብረቱ ላይ ተንሳፈፈ። እንፋሎት የለም፣ ኦክስጅን የለም፣ ስለዚህ ከሜቴኑ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይወጣም። ከ16 ኪሎ ሜቴን 4 ኪሎ ሃይድሮጅንና 12 ኪሎ ጠጣር ካርቦን።

ሜቴን ደግሞ ከእምቦጭ ባዮጋዝ ይወጣል። መጀመሪያ አብሮት ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ መለየት አለበት። ከዚያ በኋላ ግን እምቦጩ ከአየር የወሰደው ካርቦን በአካፋ የሚዛቅ ጥቁር ዱቄት ሆኖ ይቀራል። የወንድሜ ልጅ ይህን ሲሰማ እስክሪብቶውን መልሶ አነሳ። ከጥቂት ኪሎ እምቦጭ ስንት ሊትር ጋዝ እንደሚወጣ በፕላስቲክ በርሜል ሊሞክር ነው። እኔ ወረታ ወርጄ የአንድ መፈልፈያ ጓሮ በሳምንት ስንት ኩንታል ቅርፊት እንደሚያወጣ ልጠይቅ ቃል ገብቻለሁ።